ቢሊ ጆኤልን ከየትኛው አልበም ልጀምር?

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ዘፈን ላከልኝ። የአሜሪካዊው ዘፋኝና ፒያኖ ተጫዋች የቢሊ ጆኤል «ቪየና» ነው። ከስሩ «ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» ብሎ ጽፏል። ሳቄ መጣ። ዘፈኑ የወጣው በፈረንጆች 1977 ነው። ያኔ ለብቻው እንኳን አልተሸጠም፤ የሌላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር የተለጠፈው። ዛሬ ወጣቶቹ ፈልገው አግኝተውት ከሰውዬው ዘፈኖች ሁሉ በብዛት ከሚደመጡት አንዱ ሆኗል።

«ከወደድከው ሌላም ብዙ አለው» አልኩት።

«እሺ፣ ከየትኛው ልጀምር?»

መልሱን በአንድ መስመር ልጽፍለት ብዬ አቃተኝ። ቢሊ ጆኤል ከ1971 እስከ 1993 ድረስ 12 የዘፈን አልበም ሠርቷል። አንዱ ሮክ ነው፣ አንዱ ጃዝ ጃዝ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከሱ በፊት የነበሩትን ዘፋኞች እየመሰለ የሠራው ነው። በስህተት የማይሆናችሁን ካነሳችሁ «ይሄ ነው እንዴ?» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ስለዚህ ለልጁ የጻፍኩለትን ትንሽ አሰፋፍቼ እዚህ አቀረብኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህን ሰው አልበም ስትመርጡ የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ አትዩ። ከኋላው ማን እንደሚጫወት እዩ። ግጥሙንም ዜማውንም የሚሠራው ራሱ ነው፤ ያ አይቀየርም። የሚቀየረው ባንዱ ነው። እኔ በበኩሌ ጥሩና መካከለኛ አልበሞቹን የምለየው በዚህ ነው።

ከመጀመሪያው መጀመር?

ብዙ ሰው «ከአንደኛው አልበም ጀምረህ ወደ ፊት ሂድ» ይላል። ለሌላ ዘፋኝ ሊሠራ ይችላል፤ እዚህ ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው አልበም «ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር» ይባላል፤ 1971። ስሙ ባደገበት በሎንግ አይላንድ የሚገኝ የባሕር ዳር መንደር ነው። ዘፈኖቹ ቆንጆ ናቸው። ግን ማስተሩ፣ ማለትም ሸክላው የሚታተምበት ዋና ቅጂ፣ ሲዘጋጅ ፍጥነቱ ተበላሸና ሸክላው ከትክክለኛው በላይ ፈጥኖ ታተመ። በካሴት ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ቴፑ ሲፈጥን ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ልጅ ይጮኻል። ቢሊም ገና በ22 ዓመቱ የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ ወጥቶ ድምፁ ቀጥኖ ተገኘ። ሸክላውን መጀመሪያ የሰማው ቀን ከማጫወቻው ነቅሎ መንገድ ላይ ወረወረው ይባላል። እኔም ብሆን እወረውረው ነበር። ፍጥነቱ የተስተካከለው ቅጂ የወጣው በ1983 ነው፤ ዛሬ የምታገኙትም እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ከአሳታሚው ውል ለማምለጥ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ተደበቀ። ቢል ማርቲን በሚል ስም አንድ ባር ውስጥ ፒያኖ ይጫወት ነበር። «ፒያኖ ማን» የሚለው ዘፈን ከዚያ ባር ነው የወጣው። ደንበኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያሳያችኋል፤ ሁሉም ሌላ ቦታ መሆን የሚፈልግ ሰው ነው። ምቱ በሦስት ይቆጠራል። በእኛ ቺክቺካ ያደገ ጆሮ ምቱ ስድስት ላይ ሲያወዛውዘው ኖሯልና ይሄም ቶሎ ይገባዋል ባይ ነኝ። በዚሁ ስም የወጣው የ1973 አልበም ግን በሙሉ እንደ ዘፈኑ አይደለም። የተጫወቱት ለቀረጻ የተቀጠሩ የሎስ አንጀለስ ሙዚቀኞች ናቸው። ባንጆ አለ፣ አኮርዲዮን አለ፣ ነገሩ ወደ ካንትሪ፣ ወደ አሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ያዘነብላል። ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ግን የሰው ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው ነው የሚጫወቱት።

ቀጣዩን፣ የ1974ቱን «ስትሪትላይፍ ሰሬናድ» መጨረሻ ላይ ስሙት። አንድ ጥሩ ዘፈን አለው፣ «ዘ ኢንተርቴይነር»። እዚያ ውስጥ ረጅም ዘፈኑን ለሬዲዮ ብለው ስለቆረጡበት ያማርራል። ሌላው አያስቸኩልም።

«ተርንስታይልስ»፦ ባንዱ የመጣበት

ከዚያ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ፤ ይሄ አልበም የወጣው በ1976 ነው። አዲሱን አልበም መጀመሪያ የሞከረው በሌላ ፕሮዲዩሰር ነበር፤ ከጀርባ የተጫወቱትም የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የኤልተን ጆን ድራመርና ቤዝ ተጫዋች ነበሩ። ታላላቅ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ግን የኤልተን ጆን ናቸው። ቢሊ ሰማውና አልጣመውም። የተሠራውን ሁሉ ጣለ። ኒውዮርክ ላይ የራሱን የባንድ ልጆች ሰብስቦ፣ ፕሮዲዩሰሩም ራሱ ሆኖ እንደገና ቀረጸው። ሊበርቲ ዴቪቶ በድራም፣ ደግ ስቴግማየር በቤዝ፣ ሪቺ ካናታ በሳክስፎን።

ልዩነቱን ለመስማት ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም። «ፒያኖ ማን»ን ሰምታችሁ ወዲያው ይሄንን ክፈቱ። ድራሙ ይገፋል። ዘፋኙ ከኋላው ሰው እንዳለ ያወቀ ይመስላል። «ኒውዮርክ ስቴት ኦቭ ማይንድ» የሚገኘው እዚህ ነው። ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ለብቻ የሚሰማ ነው። አልበሙ ያኔ ገበያ አልቀናውም። ዛሬ ግን ብዙ አድናቂ ከልቡ የሚወደው ይሄንን ነው።

እና የድሮዎቹን ዘፈኖች በምን እንስማቸው?

ለዚህ ጥሩ መውጫ አለ። በ1981 «ሶንግስ ኢን ዘ አቲክ» የሚል የመድረክ አልበም አወጣ። «አቲክ» ጣሪያ ስር ያለው፣ አሮጌ ዕቃ የሚታጨቅበት ክፍል ነው። በ1980 ጉዞው ላይ የመጀመሪያዎቹን አራት አልበሞች ዘፈኖች ከራሱ ባንድ ጋር ተጫውቶ ቀረጸ። ያ በፍጥነት የተበላሸው አልበም ውስጥ የነበሩ ሁለት ዘፈኖች እዚህ በትክክለኛው ድምፁ አሉ። አንዱ «ሺዝ ጎት ኧ ዌይ» ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሰው የሰማው ገና ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች ወይስ ይሄን? ያለ ምንም ማመንታት ይሄን። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ታዋቂዎቹን ሁለቱን፣ «ፒያኖ ማን»ን እና «ኒውዮርክ ስቴት ኦቭ ማይንድ»ን፣ እዚህ አታገኟቸውም። የተረሱትን ለማንሳት ነውና የሠራው ሆን ብሎ ትቷቸዋል። እነሱን ከየአልበማቸው ስሙ።

«ዘ ስትሬንጀር»፣ «ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት» ወይስ «ግላስ ሀውስስ»?

ዋናው ምርጫ እዚህ ነው። ሦስቱም በሦስት ዓመት ውስጥ የወጡ ናቸው፦ 1977፣ 1978፣ 1980። ሦስቱንም ያዘጋጀው ፊል ራሞን ነው። ባንዱም ያው ነው። ጸባያቸው ግን ለየቅል።

ወደ ራሞን ከመሄዱ በፊት ምን እንደሆነ ስሙ። የቢትልስ ፕሮዲዩሰር ጆርጅ ማርቲን ሊሠራለት ፈልጎ ነበር። ለቢሊ ቢትልስ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ግን ማርቲን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ልጆቹን ትቶ በተቀጣሪ ሙዚቀኞች ይቀረጽ። ቢሊ እምቢ አለ። እስቲ አስቡት፤ ገበያ የወደቀ አልበም ይዞ፣ አሳታሚው እየታከተው፣ የቢትልስን ሰውዬ «ይቅርብኝ» አለ። ራሞን ግን ባንዱን ሰምቶ ወደደው። ልጆቹን እንዳሉ ስቱዲዮ አስገባቸው።

«ዘ ስትሬንጀር» ከዚያ ተወለደ። ዘጠኝ ዘፈን ብቻ ነው ያለው፤ የሚጣል የለውም ብል ብዙም አልዋሸሁ። «ጀስት ዘ ዌይ ዩ አር» ለመጀመሪያ ሚስቱ የልደት ስጦታ ብሎ የጻፈው ነው። እሱና ባንዱ ከአልበሙ ሊያወጡት ነበር፤ ለሰርግ ቤት ዘፈን መሰላቸው። ዘፋኞቹ ሊንዳ ሮንስታድትና ፊቢ ስኖው ስቱዲዮ መጥተው ሰሙት፣ «አብዳችኋል እንዴ?» ዓይነት ነገር ተናገሩና ተረፈ። በኋላ ሁለት ትልልቅ የግራሚ ሽልማቶችን ያመጣው ይሄው ዘፈን ነው።

የእህቴ ልጅ የላከልኝ «ቪየና»ም እዚህ ነው ያለው። የቢሊ አባት ከናዚዎች የሸሸ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ቢሊ ልጅ ሳለ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ በኋላም ቪየና ኖረ። ቢሊ ጎልማሳ ሆኖ ፈልጎ አገኘው። እዚያ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት መንገድ ስትጠርግ አይቶ አዘነላት። አባቱ ግን ሥራ አላት፣ ትጠቅማለች፣ ሰው ይፈልጋታል ብሎ አስረዳው። ለዕድሜ ቦታ ያለው አገር መሆኑ ገባው። ዘፈኑ ቸኩሎ ለሚሮጥ ልጅ «ቀስ በል፣ ቪየና እዚያው ነው ያለችው» ይላል። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ለምን እንደሚወደው አይገርምም።

ይሄን አልበም ስትሰሙ ግን አደራ፣ ዘፈኖቹን እያምታታ የሚያጫውተውን ቁልፍ አጥፉት። ሁለተኛው ዘፈን በፉጨት ይጀምራል። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ያው ፉጨት ተመልሶ ይመጣል። ፉጨቱ ራሱ በአጋጣሚ የገባ ነው። ቢሊ ዜማውን ለራሞን በአፉ ካሳየው በኋላ «ይሄን የትኛው መሣሪያ ይጫወተው?» ብሎ ጠየቀው። ራሞን «ራሱ ፉጨቱ ነው» አለው።

አራተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። «ሲንስ ፍሮም አን ኢታሊያን ሬስቶራንት» ከሰባት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሦስት ያልተጠናቀቁ ዘፈኖች ተሰፍተው አንድ የሆኑበት ነው። ሁለት የድሮ ጓደኞች ምግብ ቤት ይገናኛሉ። ነጭ ወይን ይሁን ቀይ ይባባላሉ። ፒያኖው ቀስ ይላል፣ ሳክስፎን ይገባል። ከዚያ ድንገት ይፈጥንና የሰፈሩን ቆንጆ ጥንዶች፣ የብሬንዳንና የኤዲን ታሪክ ማውራት ይጀምራሉ። በልጅነታቸው የተጋቡ፣ በውኃ የተሞላ ትልቅ አልጋ የገዙ፣ ገንዘብ ሲያልቅ የተፋቱ። ሁላችንም ሰፈር አንድ ብሬንዳና ኤዲ አሉ። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ይረግብና እንደገና ጠረጴዛው ጋ፣ ወይኑ ጋ ይመልሳችኋል። ዴቪቶ ድራሙን ከመካከለኛው ክፍል ወደ ፈጣኑ ሲያሻግረው አድምጡ። ተቀጣሪ ሰው እንደዚያ አይመታም።

«ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት» በማንሃተን በአንድ ወቅት የጃዝ ክለቦች የተደረደሩበት መንገድ ስም ነው። አልበሙም እንደ ስሙ ነው። «ዛንዚባር» የሚል ዘፈን አለው። ስሙን አይታችሁ ምሥራቅ አፍሪካን እንዳትጠብቁ፤ የአንድ መጠጥ ቤት ስም ነው፣ ስለ ቦክስና ቤዝቦል ይወራበታል። ግን መሀል ላይ የጃዝ ሙዚቀኛው ፍሬዲ ሃባርድ ትራምፔቱን ይዞ ይገባል። ለዚያ ብቻ አልበሙ ይገዛል። «ኦነስቲ»ም እዚህ ነው። የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወስዷል። ሌላም ታሪክ አለው፤ በጥቅምት 1982 ጃፓን ውስጥ ሲዲ ለገበያ ሲቀርብ የመጀመሪያው አልበም ይሄ ነበር። እንደ ሙሉ ሥራ ግን ከ«ዘ ስትሬንጀር» ያንሳል ባይ ነኝ። ሁለተኛው ገጽ ይላላል።

«ግላስ ሀውስስ» በሚሰበር መስታወት ድምፅ ይጀምራል። ሽፋኑ ላይ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ድንጋይ አንስቶ፣ የራሱን የመስታወት ቤት ሊመታ ቆሟል። ተቺዎች «ይሄ ልስልስ የፒያኖ ዘፋኝ ነው» እያሉ ሰልችቶት ነበር። መልሱ ይሄ አልበም ነው። ጊታር ይበዛዋል፣ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው። በአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የወጣበት ነጠላ ዘፈንም ከዚህ ነው። በፈረንሳይኛ የሞከረው ነገር አለ፤ እለፉት።

ታዲያ የትኛውን? መጀመሪያችሁ ከሆነና የሚተረክ ግጥም የምትወዱ ከሆነ «ዘ ስትሬንጀር»ን። የእኛን የድሮ ናስና ሳክስፎን የበዛበት ሙዚቃ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ከሆነ «ፊፍቲ ሰከንድ ስትሪት» ቶሎ ይቀርባችኋል። መኪና ውስጥ ወይም ስፖርት እየሠራችሁ ከሆነ «ግላስ ሀውስስ»።

«ዘ ናይለን ከርተን» ወይስ «አን ኢኖሰንት ማን»?

በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡ ናቸው፤ አንድ ሰው የሠራቸው አይመስሉም።

«ዘ ናይለን ከርተን» 1982 ነው። በዚያ ዓመት ሞተር ሳይክል ሲነዳ ተጋጭቶ እጁን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ትዳሩም ሊፈርስ ነው። አልበሙ ከባድ ነው። «አለንታውን» የተዘጉ የብረት ፋብሪካዎችንና ሥራ የፈቱ የፔንሲልቬንያ ልጆችን ያነሳል፤ በፋብሪካ ፊሽካ ይጀምራል። «ጉድናይት ሳይጎን» ከቬትናም የተመለሱ ጓደኞቹ ጉዳይ ነው። እሱ አልዘመተም። ስለዚህ «እኔ» አይልም፣ «እኛ» ይላል። በመጀመሪያ የሌሊት ነፍሳት ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሄሊኮፕተር ከሩቅ ይመጣል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ጦርነት ያየ ዘመድ ያለው ሰው ግን ቀኑን ይምረጥ፤ እኔ አንዴ ሰምቼው ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

«አን ኢኖሰንት ማን» የ1983 ነው። ተፋቷል፣ እንደገና ፍቅር ይዞታል፣ ደስ ብሎታል። በልጅነቱ የሰማቸውን የ50ዎቹና የ60ዎቹ ዘፋኞች አንድ በአንድ እየመሰለ ይዘፍናል። «ዘ ሎንገስት ታይም» ውስጥ ከቤዝ ጊታርና ከጣት ጥቅታ ሌላ መሣሪያ የለም። ሙሉ የዘማሪ ቡድን የሚመስለው ራሱ ቢሊ ነው፣ ድምፁን እየደራረበ። «ዚስ ናይት» ደግሞ አዝማቹን ከቤትሆቨን ወስዶ፣ የቤትሆቨንን ስም በዜማ ደራሲነት አስመዝግቦታል። ጨዋ ሌባ ብዬዋለሁ።

ለድግስ፣ ለመንገድ፣ ከልጆች ጋር ለመስማት ሁለተኛው። ግጥም ለማንበብ ያህል ቁጭ ብላችሁ ከሆነ የመጀመሪያው። ቢሊ ራሱ የሚኮራው በ«ዘ ናይለን ከርተን» ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ግን በተደጋጋሚ የምከፍተው ሌላኛውን እንደሆነ አልደብቅም።

የኋለኞቹ

«ዘ ብሪጅ» (1986) ከራሞን ጋር የሠራው የመጨረሻው ነው። ለአንድ ነገር ብቻ ይሰማል፤ «ቤቢ ግራንድ» ላይ ከሬይ ቻርልስ ጋር ይዘፍናል። ልጁን አሌክሳ ሬይ ብሎ የሰየመው በሬይ ቻርልስ ስም ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ ያለው አክብሮት የእውነት ነው።

«ስቶርም ፍሮንት» (1989) ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ተቀየረ። ስቴግማየርም ወጣ፤ ከአሮጌው ባንድ ዴቪቶ ቀረ። ይሰማል፣ እመኑኝ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። የ40 ዓመት የዜና ርዕሶችን በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝረው ዝነኛ ዘፈኑ እዚህ ነው። ዜማውን ራሱም አይወደውም። እኔ ከዚህ አልበም የምመርጥላችሁ ስለ ሎንግ አይላንድ ዓሣ አጥማጆች ኑሮ የሚያወራውን «ዘ ዳውንኢስተር አሌክሳ»ን እና መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ፀጥ ያለውን «ኤንድ ሶ ኢት ጎስ»ን ነው።

«ሪቨር ኦቭ ድሪምስ» (1993) የዘፈን አልበሞቹ መጨረሻ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ርዕስ ራሱ ስለ መጨረሻ ቃላት ነው። ከዚያ በኋላ በ2001 የፒያኖ ክላሲክ ድርሰቶቹን አሳተመ፤ የተጫወተውም ሌላ ፒያኒስት ነው። በ2024 አንድ አዲስ ነጠላ ዘፈን አውጥቷል። ሌላውን ጊዜ ያሳለፈው መድረክ ላይ ነው፤ ከጥር 2014 እስከ ሐምሌ 2024 ድረስ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በወር በወር ሲጫወት ነበር።

ምርጦቹን የያዘውስ?

በ1985 የወጣው ባለ ሁለት ሸክላ ስብስብ አሜሪካ ውስጥ በጣም ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ይሄን ይስማ፤ አላስቀይምም። ችግሩ «ቪየና» የለበትም። «ዛንዚባር»ም የለበትም። ሰውዬውን የወደዳችሁበት ዘፈን ስብስቡ ውስጥ ከሌለ ስብስቡ ምን ያደርግላችኋል?

ለእህቴ ልጅ የላክሁለት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ «ዘ ስትሬንጀር»፣ «ተርንስታይልስ»፣ «ዘ ናይለን ከርተን»፣ ከዚያ «ሶንግስ ኢን ዘ አቲክ»። ሌላውን ራሱ ይድረስበት። በሦስተኛው ቀን መልእክት መጣ። «አጎቴ፣ ብሬንዳና ኤዲ ግን ታርቀዋል ወይስ አልታረቁም?»

እንደገና ስማው አልኩት።